አልኮል ማለት ኩል ማለት ነው? ስለ አንድ ቃል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አክስቴ ከጅዳ ስትመጣ ሁለት ነገር ይዛልን መጣች። አንዱ የእጅ ሳኒታይዘር ነው። ሌላው በትንሽ ብልቃጥ ያለ የዓይን ኩል። ዐረብኛ ማንበብ የጀመረችው የእህቴ ልጅ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ ጽሑፋቸውን ስታስተያይ ቆየችና «ሁለቱም ላይ አንድ ቃል ነው እኮ የተጻፈው» አለች። ስቀን አለፍናት። ኋላ ሳየው ግን ብዙም አልተሳሳተችም።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ቃል ሰው ሲጠይቀኝ ኖሯል። ጨዋታውን ራሴ እያነሳሁት መሆኑን አልክድም። ደጋግመው የመጡትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በአጭሩ ንገረን፤ ቃሉ ከየት መጣ?

ከዐረብኛ ነው። መነሻው «አል-ኩሕል» ነው። «አል» ዐረቦች የታወቀን ነገር ሲጠሩ ከስሙ ፊት የሚያስቀድሙት ነው። እኛ «ቤቱ»፣ «ልጁ» ብለን ከኋላ የምንለጥፈውን እነሱ ከፊት ያደርጉታል። «ኩሕል» ደግሞ ዓይን የሚኳሉበት ጥቁር ዱቄት ነው። እንግዲህ አልኮል ቃል በቃል ሲፈታ «ኩሉ» ማለት ነው።

ፈሳሹ፣ መጠጡ፣ ስካሩ በኋላ የተጨመረበት ነው። ጨዋታው ያለው እንዴት እንደተጨመረበት ላይ ነው።

ታዲያ የኛ «ኩል» እና «አልኮል» ዘመድ ናቸው?

የሥጋ ዘመድ ናቸው። በግዕዝ «ኵሕል» ነው የሚባለው። አማርኛ የጉሮሮ ድምፅ አይመቸውም። ግዕዝ «በልዐ» ያለውን «በላ»፣ «ሰምዐ» ያለውን «ሰማ» ብሎ ያሳጥረዋል። «ኵሕል»ም በዚሁ መንገድ መሐሉ ላይ ያለውን «ሕ» ጥሎ «ኩል» ሆነ። ኳለ፣ ተኳለ፣ መኳያ፣ ሁሉም የዚህ ቤት ልጆች ናቸው። ሙሽራ ሲዘፈንላት ኩሏ ሳይነሳ የሚቀርበት ሠርግም ጥቂት ነው።

ዘሩ ሰፊ ነው። የባቢሎን ሰዎች ጥንታዊ ቋንቋ አካድኛ «ጉሕሉ» ይለው ነበር። በዕብራይስጡ ትንቢተ ሕዝቅኤል 23፥40 ላይ ዓይኗን ስለተኳለችው ሴት የተነገረው በዚሁ ግስ ነው። እስራኤል አገር ያላችሁ ደግሞ ቃሉን በየቀኑ ትሰሙታላችሁ። ሰማያዊ ቀለም «ካሖል» የሚባለው ከዚህ ሥር ነው። ኬሚስቶቻቸው አልኮልን የሚጠሩበት «ኮሃል»ም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው።

ኩሉ ራሱ ምንድነው ካላችሁ፣ ድንጋይ ነው። አንዳንዱ የአንቲሞኒ ማዕድን ነው። ብዙው ግን ጋሌና የሚባለው የእርሳስ ማዕድን ነው። ሁለቱም ሲሰበሩ እንደ ብረት የሚያብለጨልጩ ግራጫማ ድንጋዮች ናቸው። ይወቀጣል፣ ይፈጫል፣ በስስ ጨርቅ ይነፋል፣ እንደገና ይፈጫል። ጣት ላይ ሲያደርጉት ቅንጣቱ የማይታወቅ፣ እንደ ጥላሸት ልም ሆኖ ነው የሚወጣው። ሻካራ ኩል ዓይን ይቧጭራል፤ ስለዚህ የኩል ጥሩነቱ ልምነቱ ነው። ይህቺን «ልም» የምትል ነገር ያዙልኝ። ቃሉን ወደ መጠጥ የወሰደችው እሷ ናት።

ዱቄት እንዴት አድርጎ መጠጥ ይሆናል?

ቃሉ አውሮፓ የገባው በመድኃኒት በኩል ነው። በዐረብ አገር የዓይን ሐኪም ራሱ «ከሓል» ይባል ነበር፤ ኳይ እንደማለት። የዐረብ ሐኪሞች መጻሕፍት በመካከለኛው ዘመን ወደ ላቲን ሲተረጎሙ «አል-ኩሕል» ከነ«አል»ዋ ተሻገረች። ተርጓሚዎቹ «አል» የስሙ አካል እንዳልሆነች አልገባቸውም፤ ወይም አልገደዳቸውም። በመጀመሪያ ትርጉሙ ያው ኩል ነበር። ቀስ እያለ ግን ልም ሆኖ የተፈጨ ማንኛውም ነገር አልኮል መባል ጀመረ። የማዕድንም ይሁን የቅጠል ዱቄት ለውጥ የለውም፤ እስከላመ ድረስ አልኮል ነው።

በእንግሊዝኛ ቀደም ብለው ከሚገኙት ምስክሮች አንዱ የ1543 ነው። በርቶሎሚው ትራሄሮን የተባለ ሰው የጆቫኒ ዳ ቪጎን የቀዶ ሕክምና መጽሐፍ ሲተረጉም ቃሉን ማብራራት ነበረበት። አልኮል ማለት እጅግ የላመ ዱቄት ነው ብሎ ጻፈ። ስለ መጠጥ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

ነገሩን ያዞረው ፓራሴልሰስ ነው። ከ1493 እስከ 1541 የኖረ የስዊዘርላንድ ሐኪምና አልኬሚስት ነው፤ ኃይለኛ፣ ከሁሉ ጋር የሚጣላ ሰው ነበር። እሱ «አልኮል»ን ከዱቄት አላቀቃት። ለእሱ አልኮል ማለት የአንድ ነገር ረቂቁ፣ ምርጡ ክፍል ነው፤ ዱቄትም ይሁን ፈሳሽ። ወይን እሳት ላይ ተጥዶ በእንፋሎት የሚወጣውን ንጹሕ ፈሳሽ «አልኮል ቪኒ» አለው። የወይን አልኮል መሆኑ ነው።

ይህን ለመረዳት ላቲን አያስፈልግም፤ ወጥ ቤት መግባት ይበቃል። ቅቤ ይነጠራል። አተላው ይቀራል፣ ንጹሑ ይወጣል፣ «ንጥር ቅቤ» ይባላል። ወርቅም ሲነጠር ንጥር ወርቅ ይሆናል። መማሪያ መጽሐፍ ላይ ያለው «ንጥረ ነገር»ም ያው ነው። እንግዲህ «አልኮል ቪኒ» በኛ ቢሆን «የወይን ንጥር» ነበር የምንለው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁላችንም በየዕለቱ የምናደርገው ነው፤ ማሳጠር። «የወይን አልኮል» ሲባል ሲባል «የወይን» ወደቀና «አልኮል» ብቻውን ቀረ። እኛም ቅቤ ቤት ገብተን «ንጥር አለ?» ብንል የወርቅ ነገር ትዝ የሚለው የለም። 18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ሁለቱ ትርጉሞች ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባሳተመው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ለቃሉ ሁለቱንም ሰጥቷል፤ በደንብ የተነጠረ የወይን መንፈስ፣ ወይም በእጅ የማይዳሰስ እስኪሆን የላመ ዱቄት። ኋላ ዱቄቱ ተረሳ።

ስፔኖች ግን ሙሉ በሙሉ አልረሱም። በመዝገበ ቃላታቸው «አልኮላር» የሚል ግስ አለ፤ መኳል ማለት ነው። ይቺን ሳነብ ነው የእህቴን ልጅ ይቅርታ የጠየቅኳት።

ከዚያ በፊትስ ፈረንጆች ምን ይሉት ነበር?

ውሃ። «የሚቃጠል ውሃ» ይሉት ነበር፤ ክብሪት ሲጠጋው ይነዳላ። ከዚያ «አኳ ቪቴ» አሉት፤ የሕይወት ውሃ። መድኃኒት ነው ብለው ስላመኑ ነው። ፈረንሳዮች ዛሬም «ኦ ዴ ቪ» ይላሉ። ስኮትላንዶችና አየርላንዶች በቋንቋቸው «ኡሽከ ባሃ» ብለው ተረጎሙት፤ ያው የሕይወት ውሃ ነው። እንግሊዝ ሁለተኛውን ቃል ጥሎ የመጀመሪያውን አጣሞ ዊስኪ አደረገው። ቮድካም በስላቮች ቋንቋ ከውሃ የመጣ ነው፤ ትንሿ ውሃ እንደማለት። አንድ መለኪያ ዊስኪ የያዘ ሰው ቃሉን ብቻ ካያችሁ ውሃ ነው የያዘው።

ቃሉ የዐረብ ከሆነ መጠጡንም የፈለሰፉት ዐረቦች ናቸዋ?

አይደሉም። ጠላም፣ ጠጅም፣ ወይንም ከዐረብኛ ጽሑፍ በፊት በሺህ ዓመታት ይጠመቁ ነበር። እርሾ የትም አለ፣ ስኳር ያገኘበት ቦታ ሥራውን ይሠራል። ፈልሳፊ አያስፈልገውም።

ማንጠሩ ሌላ ነገር ነው። ግሪኮች የማንጠሪያ ዕቃ ነበራቸው፤ «አምቢክስ» ይሉት ነበር። ዐረቦች «አል-አንቢቅ» ብለው ወስደው አሻሻሉት። ሽቶና ጽጌረዳ ውሃ በብዛት ያወጡበት ነበር። የ9ኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ አል-ኪንዲም ወይን እንደሚነጠር ጠቅሷል። በአውሮፓ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የጣልያን ከተማ ሳሌርኖ ውስጥ የወይን ንጥር ይሠራ እንደነበር ይታወቃል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የቦሎኛው ሐኪም ታዴዎ አልደሮቲ ደግሞ ደጋግሞ በማንጠር በጣም ጠንካራውን ማውጣት ቻለ።

አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። እነ አል-ኪንዲ ፈሳሹን ያውቁት ነበር፤ «አል-ኩሕል» ብለው ግን አልጠሩትም። ያን ስም ያወጣለት ፈረንጅ ነው። ዐረብኛ የራሱን ቃል ከዘመናት በኋላ በአዲስ ትርጉም ከፈረንጅ መልሶ ተቀበለ። ዛሬ ኩሉን «ኩሕል»፣ አልኮሉን «ኩሑል» ይሏቸዋል። በሳኒታይዘሩና በብልቃጡ ላይ ልጅቷ ያየችው ይህንን ነው፤ ልዩነቱ አንዲት ፊደል ናት።

«አረቄ» የሚለውስ?

እሱም ዐረብኛ ነው። «ዐረቅ» ማለት ላብ ነው። የሌባኖሱ አራክ፣ የቱርኩ ራኪ፣ የኛ አረቄ አንድ ናቸው። ለምን ላብ እንደተባለ ለማወቅ ሲወጣ አንድ ቀን ማየት ይበቃል።

ድፍድፉ ከጌሾው ጋር ሲፈላ ሰንብቶ ማሰሮ ውስጥ ይገባና እሳት ላይ ይጣዳል። አፉ በጭቃ ወይም በሊጥ ይመረጋል፤ እንፋሎት ማምለጫ እንዳያገኝ። ከማሰሮው አናት ቀርከሃ ወይም የብረት ቱቦ ይወጣና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠ ሌላ ዕቃ ይገባል። ከዚያ መጠበቅ ነው። የማወጫው ቤት በጭስ ዓይን ያስለቅሳል። ውሃው ሲሞቅ ይለወጣል፣ እሳቱ ሲበረታ ይቀነሳል። እንፋሎቱ ቀዝቃዛውን ሲነካ ጠብ፣ ጠብ ማለት ይጀምራል። በሞቀ ቤት የሰው ግንባር ላይ እንደሚንቆረቆረው ነው። ላብ ነው በቃ። የድፍድፉ ላብ።

ባለሙያዋ የመጀመሪያውን ትንሽ እሳት ላይ ጣል ታደርገዋለች። ቦግ ካለ ደህና ነው። አንዴ የወጣው ተራ አረቄ ይባላል። እሱ ራሱ ተመልሶ ሲጣድና ሲነጠር «ዳግም አረቄ» ይሆናል። አልደሮቲ ቦሎኛ ላይ ያደረገውን ነው ሴቶቻችን የሚያደርጉት፤ እነሱን ሊቅ ያላቸው ግን የለም።

አዲስ አበባ ላይ «ብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካ» የሚል ስም ታውቃላችሁ። ሁለቱ ቃላት ቦታ አልተሻሙም። አልኮል ጥሬ ዕቃው ነው፣ አረቄ የሚጠጣው። በዐረብኛ ሥሩ ካነበባችሁት ግን «የኩልና የላብ ፋብሪካ» ይሆናል።

ኢንተርኔት ላይ «አልኮል ማለት ሰው የሚበላ ጋኔን ማለት ነው» ይላል። እውነት ነው?

ይህን ጥያቄ በቴሌግራም የላኩልኝ ሰዎች ብዛት! ወሬው ቃሉ የመጣው «አል-ጉል» ከሚለው ነው ይላል። ጉል በዐረብ ተረት በበረሃ መንገደኛ የሚያስት፣ ሬሳ የሚበላ ጂኒ ነው። ስብከት ላይ ይጥማል። ማስረጃው ግን የለም።

አንደኛ፣ ቃሉ መጠጥን መጥራት ከመጀመሩ በፊት ለብዙ ዘመን ዱቄት ማለት ነበር። ጋኔን አይላምም። ሌላው ደግሞ ሰማይ ላይ ነው። «ራእስ አል-ጉል»፣ የጋኔኑ ራስ፣ የሚባል ኮከብ አለ። አውሮፓውያን ስሙን ከዐረብኛ ወሰዱትና «አልጎል» አሉት። «ግ»ዋ እንዳለች ናት። አል-ጉል ሲሻገር ይህን ነው የሚመስለው፤ አልኮልን አይደለም።

ከዚህ ሻል ያለ ክርክር ቁርኣንን ይጠቅሳል። በምዕራፍ 37፣ አንቀጽ 47 ላይ ስለ ጀነት መጠጥ ሲነገር «ገውል» የለበትም ይላል። ተርጓሚዎች ራስ ምታት፣ ጉዳት፣ አእምሮ የሚወስድ ነገር ብለው ይፈቱታል። አንዳንድ የዐረብ ኬሚስቶችም ዛሬ አልኮልን «ገውል» ብለው መጥራት ይመርጣሉ። ለዐረብኛ ጥሩ ቃል ነው። የአውሮፓው ቃል ግን ከዚያ ለመምጣቱ ምስክር የሚሆን አሮጌ ጽሑፍ አልታየም፤ የኩሉ መንገድ ግን በጽሑፍ የተሞላ ነው።

እግረ መንገዴን፣ እንግሊዝኛ ጠንካራ መጠጥን «ስፒሪት» ማለቱም ከጋኔን ጋር አይገናኝም። በላቲን «ስፒሪቱስ» ትንፋሽ ነው፤ ከማሰሮው የሚወጣው እንፋሎት ማለታቸው ነበር። እኛም መንፈስ፣ ነፍስ፣ ነፋስ የምንለው ከአንድ ቤት ነው።

አልኮል የሚለው ቃል ሳይመጣ በፊት እኛ ምን እንል ነበር?

መጠጡን በየስሙ እንጠራዋለን፤ በአንድ የጅምላ ስም አይደለም። ግዕዝ የማር ጠጅን «ሜስ» ይለዋል፤ ትግርኛም እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው። ጠላው በትግርኛ «ስዋ» ነው። አማርኛ ደግሞ ጠጅ፣ ጠላ፣ ጉሽ፣ ቅራሪ፣ ኮረፌ፣ አረቄ፣ ካቲካላ አለው። ጅምላ ሲያስፈልግ «የሚያሰክር መጠጥ» ይባላል። የሉቃስ ወንጌል 1፥15 ላይ ስለ ዮሐንስ የተባለውን ማስታወስ ነው።

«ሰከረ» ግን እጅግ አሮጌ ነው። በግዕዝ «ሰክረ»፣ በዐረብኛ «ሰኪረ»፣ በዕብራይስጥ ደግሞ «ሼኻር» ብርቱ መጠጥ ነው። ቴል አቪቭ ላይ ሰካራሙን «ሺኮር» ሲሉት ሰምታችሁ ይሆናል። ሼኻር በግሪክና በላቲን በኩል ዞሮ የእንግሊዝኛው «ሳይደር» ሆኗል፤ የፖም መጠጡ።

በከተማ ወሬ ደግሞ ስም እንኳ አያስፈልግም። «ይጠጣል እንዴ?» ተብሎ ሲጠየቅ ስለ ውሃ መስሎት የሚመልስ ሽማግሌ አላየሁም።

ስካርና ስኳርስ? ቃሉ አንድ ነው?

አይደለም፤ መምሰሉ ነው። ስኳር መነሻው የሕንድ ጥንታዊ ቋንቋ ሳንስክሪት ነው፤ በፋርስና በዐረብ አገር አድርጎ ነው ዓለምን የዞረው። በሥራ ግን ይገናኛሉ፤ እርሾ ስኳሩን በልቶ አልኮሉን ይተዋል። ፊንጫና መተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ከስኳሩ በተረፈው ሞላሰስ ኢታኖል የሚባለውን አልኮል ያወጡ የነበረው ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ መኪና ነድቷል።

ኬሚስትሪ መምህሩ «አልኮሎች» ይላል። ስንት ናቸው?

ብዙ ናቸው። 19ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ኬሚስቶች የወይኑ ንጥር ወንድሞች እንዳሉት ደረሱበት። የቤተሰቡ ምልክት ካርቦን ላይ የተንጠለጠለ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ ነው። የሚጠጣው ኢታኖል ብቻ ነው። አይሶፕሮፒል ለጽዳትና ለቆዳ ነው። ሜታኖል መርዝ ነው።

ሜታኖል ላይ ትንሽ ልቆይ። ስሙ ቀልድ ይመስላል። ፈረንሳዮቹ ዱማና ፔሊጎ በ1834 ከሁለት የግሪክ ቃላት ነው ያወጡለት፤ ወይን ከሚለውና እንጨት ከሚለው። ከእንጨት የሚወጣ ስለሆነ ነው። እንግዲህ በስሙ ውስጥ ወይን ያለው የማይጠጣው ሆነ።

ሰው ሲጠጣው ጉበት ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለውጠዋል። ያ አሲድ የዓይንን ነርቭ ይመታል። ከሞት የተረፈውም ሊታወር ይችላል። ለዓይን ውበት በወጣ ስም የሚጠራ ነገር ዓይን ሲያጠፋ አስቡት። በ2020 ኢራን ውስጥ ኮሮናን ይከላከላል በሚል ወሬ ሜታኖል ጠጥተው በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል። በማሽተትም በመቅመስም ከኢታኖል መለየት አይቻልም። ጠጥቶ ያደረ ሰው በማግስቱ ዓይኑ ከደበዘዘ፣ ጭጋግ የመሰለ ነገር ካየ፣ «ሐንጎቨር ነው፣ ይተወዋል» አይባልም። በቀጥታ ሆስፒታል ነው።

ፋርማሲ ለምን 70 በመቶ አልኮል ይሸጣሉ? 96ቱ አይሻልም?

ይሄን ጎረቤቴ ኮሮና ጊዜ ከፋርማሲስቷ ጋር ተከራክሮበታል። ለመግደል 70ው ይሻላል። አልኮል ተሐዋስያንን የሚገድለው ፕሮቲናቸውን በማበላሸት ነው፣ ለዚያም ውሃ ያስፈልገዋል። ንጹሑ አልኮል ደግሞ ቶሎ ይተናል። የዓለም ጤና ድርጅት የእጅ ማሻ ቀመርም 80 በመቶ ኢታኖል ወይም 75 በመቶ አይሶፕሮፒል ነው።

«ከአልኮል ነፃ» ሲባል ምንም የለበትም ማለት ነው?

እንደ አገሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ «ነን አልኮሆሊክ» የተባለ ቢራ እስከ ግማሽ በመቶ ሊደርስ ይችላል። «አልኮሆል ፍሪ» ካለ ግን ዜሮ መሆን አለበት። በጾም ወይም በሃይማኖት ምክንያት የምትጠነቀቁ ሰዎች ትንንሹን ጽሑፍ አንብቡ። እኛ ጋ ቀላሉ መልስ ብርዝ ነው፤ ማርና ውሃ፣ ሳይፈላ። ካደረ ግን ዋስ አልሆንም።

«አልኮሊክ»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ሰካራም አትበሉት። ሰካራም ስድብ ነው፤ የዛሬን ሁኔታም የዘለቄታውን ሕመምም አንድ ላይ ይጨፈልቃል። «የአልኮል ሱሰኛ» ይሻላል፤ «የአልኮል ሱስ ያለበት» ብትሉ ደግሞ ከሁሉም ይለዝባል። በሽታው በሕክምና ስም የወጣለት በ1849 ነው፤ የስዊድኑ ሐኪም ማግኑስ ሁስ «አልኮሊዝም» አለው። ከዚያ በፊት የጠባይ ብልሹነት ነበር የሚባለው።

እንግሊዝኛው ከዚህ ቃል ጫፉን ቆርጦ ይጫወትበታል። ሥራ ላይ የሚሞተውን «ወርካሆሊክ» ይለዋል፤ ዕቃ መግዛት የማይጠግበውን «ሾፓሆሊክ»። የዐረብኛው ኩል ተጎማምዶ የቢሮ ቀልድ ሆነ።

በ«አል» የሚጀምር ሁሉ ዐረብኛ ነው?

ኧረ በፍጹም። አልጀብራ፣ አልካላይ፣ አልኬሚ አዎ፤ ዐረብኛ ናቸው። አልጋ ግን አይደለም። አልባሳትም «ልብስ» ነው የበዛው። በጣም የምወደው «አልማዝ» ነው። ከግሪክ «አዳማስ» የመጣ ነው፤ ዐረቦቹ መነሻውን «አል» የራሳቸው መስሏቸው አንዳንዴ ይነጥሏታል። አልማዝ የምትባል እህት ያላችሁ ንገሯት፣ ስሟ ሳይበላሽ ቀርቷል።

አጻጻፉ «አልኮል» ነው ወይስ «አልኮሆል»?

እኔ «አልኮል» እላለሁ። ሰው የሚናገረው እንደዚያ ነው፤ የፈረንሳይና የጣልያን አነጋገርም «ሆ» የለበትም። «አልኮሆል» የእንግሊዝኛውን ፊደል ይከተላል፤ ስህተት አይደለም። እንዲያውም የጥንቱን «ሕ» ያስታውሳል። አንድ ጽሑፍ ላይ ግን ሁለቱን አትደበላልቁ።

የመጨረሻ፤ የዓይን ኩል ውስጥ አልኮል አለ?

ደረቁ ዱቄት ኩል ውስጥ የለም። መጠንቀቅ ያለባችሁ ከአልኮሉ ሳይሆን ከእርሳሱ ነው። ከጋሌና የተሠራ ኩል እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለበት። ሕፃናት ዓይናቸውን አሽተው ጣታቸውን ይጠባሉ፣ እርሳሱ በዚያ ይገባል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ኩልን ለመዋቢያ ቀለምነት አልፈቀደም። አራስ ቤት «ዓይኑ ይጥራ» እያላችሁ ለሕፃን የምትኩሉ እናቶችና አያቶች፣ እባካችሁ ተዉት።

የአክስቴን ብልቃጥ ገልብጬ አየሁት። የተሠራበት አገር አለ፣ የአበባ ሥዕል አለ፣ ከምን እንደተሠራ ግን አልተጻፈም። እህቴ ወስዳ ልጅቷ የማትደርስበት ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጠችው። ሳኒታይዘሩ አልቋል።